«ጎንደር» የሚባል የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ ነበረ እንዴ?

አዝመራው (ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። በአስጎብኚነት የምተዳደር ሰው ነኝ። በቅርቡ ከፋሲል ግቢ ስንወጣ ከእንግዶቼ አንዱ፣ በዕድሜ የገፉ ጣሊያናዊ፣ «አጎቴ የተማረከው ጎንደር ላይ ነው» አሉኝ። እኔም የለመድኩትን ጀመርኩላቸው፦ ቁልቋል በር፣ ጄኔራል ናሲ፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር እጅ የሰጠበት ቀን። ሽማግሌው በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከተማው ላይ አይደለም፤ መርከቡ ላይ ነው፣ ባሕር ውስጥ» አሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ቆመን ነው ይህን የሚሉኝ።

ቀጥለው ከስልካቸው ላይ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አሳዩኝ። እውነትም ሰርጓጅ መርከብ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ! ጥያቄዬ ይኸው ነው፦ ጣሊያኖች መርከባቸውን በጎንደር ስም የሰየሙት ለምንድን ነው? መጨረሻውስ ምን ሆነ? የሚያውቅ ካለ በዝርዝር ቢነግረኝ ሌላ ጊዜ እንግዳ ፊት አላፍርም።


ጡረተኛው መካኒክ

ነበረ፣ አዝመራው። ሽማግሌው ትክክል ናቸው። ደግሞም ጎንደር ብቻ አይደለም፤ አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ ደሴ የሚባሉም ነበሩ። እኔ በወጣትነቴ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የመርከብ ማቀዝቀዣ መካኒክ ነበርኩ። ጣሊያኖች ወደቡ ውስጥ ራሳቸው ስላሰጠሟቸው መርከቦች ከሽማግሌ ጠላቂዎች ወሬ መስማት የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሱስ ሆኖብኝ ቀረ። የባሕር ውጊያዎቹን ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የመርከብ መዝገብ ሁሉ በዚያ ስለሆነ አታምታቱብኝ።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ማግስት፣ ከ1936 እስከ 1938 ባለው ጊዜ፣ ለባሕር ኃይሏ 17 ተመሳሳይ ሰርጓጅ መርከቦች ባሕር ላይ አወረደች። የመጀመሪያዋ «አድዋ» ስለነበረች መላው ምድብ በእሷ ስም ይጠራል። እያንዳንዳቸው 60 ሜትር ያህል ርዝመት፣ ስድስት የቶርፔዶ (በውኃ ውስጥ እየሄደ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) መተኮሻና 45 ያህል ሠራተኛ ነበራቸው። ትንንሾች ናቸው፤ ለሜድትራንያን ባሕር የተሠሩ እንጂ ለውቅያኖስ አይደሉም።

ስሞቹን በተርታ ብታነባቸው የ1928 ዓ.ም. የጦርነት መግለጫ የምታነብ ይመስልሃል። ከሰሜን አድዋ፣ አክሱም፣ መቀሌ፤ ቀጥሎ ተምቤን፣ አምባ አራዶም፣ አምባ አላጌ፣ ሽሬ፣ አሸንጌ፤ በመጨረሻም ጎንደርና ደሴ። በግራዚያኒ ግንባር በኩል ነጌሌ፣ ደገሃቡርና ዋቤ ሸበሌ። የቀሩት ጥቂቶች እንደ ቤይሉልና ዋርሼክ ያሉ የኤርትራና የሶማሊያ ስሞች ናቸው። ለምን ጎንደር ተባለ ላልከው መልሱ ይኸው ነው፦ ከተማህን የፋሺስት ጦር በሚያዝያ 1936 ስለያዛት።

አሁን ወደ መርከቡ። «ጎንደር» ከእህቷ ከ«ሽሬ» ጋር ለልዩ ሥራ ተመረጠች። የጀርባዋ መድፍ ተነቅሎ በምትኩ ሦስት ትልልቅ የብረት በርሜሎች ተገጠሙላት። በየበርሜሉ ውስጥ ሁለት ጠላቂዎች እንደ ፈረስ የሚቀመጡበት፣ ጣሊያኖች «ማያሌ» ማለትም «አሳማ» እያሉ የሚጠሩት፣ በባትሪ የሚሄድ ቶርፔዶ አለ። ጠላቂዎቹ ማታ ማታ በዚያ ላይ ሆነው ወደብ ውስጥ ገብተው የጠላትን መርከብ ሆድ ሥር ፈንጂ ማሰር ነው ዓላማቸው።

«ጎንደር» በመስከረም 1940 መጨረሻ እስክንድርያ ፊት ለፊት ደረሰች። ደርሳ ግን የእንግሊዝ መርከቦች ከወደቡ ወጥተው ኖሯል፤ ወደ ጦብሩክ፣ ሊቢያ ወደብ፣ ተመለሺ ተባለች። ስትመለስ «ስቱዋርት» የሚባለው የአውስትራሊያ ዲስትሮየር (ፈጣን አጥፊ የጦር መርከብ) አገኛት። ሌሊቱን ሙሉ የጥልቅ ውኃ ቦምብ ሲወርድባት አድሮ፣ መስከረም 30 ቀን ጠዋት አየር አልቆባት፣ ብረቷ እየተንጣጣ ወደ ላይ ወጣች። ሠራተኞቹ ራሳቸው አሰመጧትና ባሕር ውስጥ ዘለሉ። ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ተማረኩ። ከምርኮኞቹ መካከል «አሳማውን» ከፈጠሩት ሁለት መሐንዲሶች አንዱ ኤሊዮስ ቶስኪ ነበር። እንግዲህ የእንግዳህ አጎት ከእነዚያ አንዱ ናቸው ማለት ነው።


ፍሬሕይወት

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ጎንደርና ደሴስ ይሁን። አድዋን የሚያህል ሽንፈት የደረሰበት ሰው ልጁን እንኳ በዚያ ስም አይጠራም። መርከብ እንዴት «አድዋ» ይባላል?


ጡረተኛው መካኒክ

ፍሬሕይወት፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ለጣሊያኖች «አድዋ» ሁለት ናት። አንዷ የ1896ቷ፣ ለአርባ ዓመት ያቃጠለቻቸው። ሌላዋ ጥቅምት 6 ቀን 1935 የጣሊያኑ ጄኔራል ደ ቦኖ የገባባት። ስሙን መርከብ ላይ ሲጽፉ «ተበቀልን» ማለታቸው ነው። አምባ አላጌም መቀሌም እንዲሁ ናቸው፤ በ1895 እና በ1896 መጀመሪያ የተዋረዱባቸው ስፍራዎች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ይህ ልማድ ደግሞ በሙሶሊኒ አልተጀመረም። በጥር 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮችን ከደመሰሱ በኋላ ጣሊያን አንድ ክሩዘር (መካከለኛ የጦር መርከብ) ገዛች። መርከቡ እንግሊዝ አገር አርምስትሮንግ ለግሪክ ሲሠራው የነበረ ነው። ስሙን «ዶጋሊ» አሉት! ያን ጊዜ ገና ያልተበቀሉት ሽንፈት ነው፤ የሰማዕታት መታሰቢያ መሆኑ ነው። በዘመኑ ባለ ሦስት እርከን የእንፋሎት ሞተር ከተገጠመላቸው የጦር መርከቦች የመጀመሪያው ስለነበር መካኒኮች ዘንድ የተከበረ ነው። ኋላ በ1908 ለኡራጓይ ሸጡት። የአሉላ ድል የተጻፈበት መርከብ ደቡብ አሜሪካ ሄዶ አረጀ።

ሰርጓጇ «አድዋ» ግን አላረጀችም። መስከረም 30 ቀን 1941፣ «ጎንደር» በሰመጠችበት ዕለት ልክ በዓመቱ፣ አልጄሪያ ጠረፍ አጠገብ «ጉርካ» እና «ሊጅን» የተባሉ ሁለት የእንግሊዝ ዲስትሮየሮች አገኟት። ከነሠራተኞቿ ነው የቀረችው።


ዳዊት (ሐይፋ)

ጋሼ መካኒኩ ስለ «ሽሬ» ሲያነሡ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ሐይፋ ወደብ ነው የምሠራው፤ «ሽሬ» የተኛችው እዚሁ እኛ ዘንድ ነው፣ ከባሕር ዳርቻው ወጣ ብሎ 33 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ። የጠላቂ ክበቦች ሰው ይወስዳሉ፤ እኔ ወርጄ አላውቅም፣ የመውረድ ሐሳብም የለኝም፤ መቃብር ነው። ነሐሴ 10 ቀን 1942 ጠላቂዎች ይዛ ሐይፋ ወደብ ልትገባ ስትል «አይሌይ» የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መርከብ ናት ያሰመጠቻት። ማንም አልተረፈም። በ1984 የጣሊያን ባሕር ኃይል መጥቶ የ42 መርከበኞችን አጽም አውጥቶ ወስዷል።

አብረውኝ ለሚሠሩት «የዚህች መርከብ ስም የአያቴ አገር ነው» ብል ማን ይመነኝ? ጋሼ፣ ስለ እስክንድርያው ወረራ እርስዎ ቢያብራሩ መልካም ነው፤ እኔ ግማሹን ነው የማውቀው።


ጡረተኛው መካኒክ

ዳዊት፣ ተባረክ። የእስክንድርያው ነገር «ጎንደር» የጀመረችውን «ሽሬ» የፈጸመችው ነው።

ታኅሣሥ 18 ቀን 1941 ሌሊት «ሽሬ» በኮማንደር ቦርጌዜ እየተመራች ወደቡ አፍ ድረስ በባሕሩ ወለል ተስባ ሦስት «አሳማዎች» ለቀቀች። ስድስት ሰዎች ማለት ነው። የወደቡ የመረብ በር ለእንግሊዝ ዲስትሮየሮች ሲከፈት እነሱም አብረው ሾለኩ። ደ ላ ፔኔና ቢያንኪ የሚባሉት ሁለቱ «ቫሊያንት» የተባለውን ታላቅ የጦር መርከብ ሲጠጉ «አሳማቸው» ተበላሸና ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ደ ላ ፔኔ ብቻውን፣ በጨለማ፣ ጭቃው ዓይኑን እየጋረደው፣ ያንን ሁሉ ብረት በእጁ እየጎተተ ከመርከቡ ሆድ ሥር አደረሰው። መካኒክ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ወገቡን ያመዋል።

ሁለቱም ተያዙ። የ«ቫሊያንት» አዛዥ ካፒቴን ሞርጋን «ፈንጂው የት ነው?» ቢላቸው ዝም አሉ። መርከቡ ጓዳ ውስጥ፣ ከፈንጂው ብዙም ሳይርቁ አሰራቸው። ሊፈነዳ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ደ ላ ፔኔ ካፒቴኑን አስጠርቶ «ሰዎችህን አውጣ» አለው፤ የት እንዳለ ግን አልተናገረም። ፈነዳ። «ቫሊያንት»ም፣ «ንግሥት ኤልሳቤጥ»ም፣ አንዲት ነዳጅ ጫኝ መርከብም ተመቱ። ወደቡ ጥልቀት ስለሌለው ሁለቱ ታላላቅ መርከቦች መሬቱ ላይ ተቀመጡ እንጂ አልተዋጡም፤ እንግሊዞችም ከላይ ሲታዩ ደህና የሚመስሉበትን ይህን ተጠቅመው ጉዳቱን ደበቁ። በ1945፣ ጣሊያን ጎራ ከቀየረች በኋላ፣ ለደ ላ ፔኔ የወርቅ ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ ያጠለቀለት ያው ሞርጋን ነው።


ሰለሞን ቲ. (ሜሪላንድ)

ይቅርታ ይደረግልኝና ነገሩ ወደ ጀግንነት ታሪክ እየተቀየረ ነው። ይህ ባሕር ኃይል እኮ ታራንቶ ወደብ ውስጥ ተኝቶ የተመታ፣ ግሪክ ጠረፍ ማታፓን ላይ በአንድ ሌሊት ሦስት ክሩዘሮች ያጣ ነው። እኛን የወረረውንም ጦር ያጓጓዙት በባሕር ነው። ምን የሚደነቅ ነገር አለው?


ጡረተኛው መካኒክ

ወንድሜ ሰለሞን፣ ወረራውን ልረሳው አልችልም። በ1935 ያ ሁሉ ወታደርና ጥይት በስዊዝ ካናል በኩል፣ ለካናሉ ኩባንያ እየተከፈለበት፣ ዓለም እያየ ምጽዋ ላይ ተራገፈ። ካናሉ ቢዘጋ ጦርነቱ በወራት ውስጥ ያበቃ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ግን «ፈሪዎች ነበሩ» ብሎ መዝጋት ሥራውን ላለመመርመር ማመካኛ ነው። ማታፓንን ተመልከት። መጋቢት 28 ቀን 1941 ሌሊት «ዛራ» እና «ፊዩሜ» የተመታችውን «ፖላ»ን ሊረዱ ተመለሱ። እንግሊዞች ራዳር ነበራቸው፤ ጣሊያኖች አልነበራቸውም። ከባድ መድፎቻቸውን በሌሊት የመተኮስ ልምምድም ስላልነበራቸው መድፎቹ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም ነበር። ከ2,300 በላይ ሰው አለቀ። ይህ የመሪዎችና የመሣሪያ ጉድለት ነው። የታራንቶውም እንደዚሁ፦ በሸራ የተለበጡ ባለ ሁለት ክንፍ አውሮፕላኖች ከአንድ የእንግሊዝ አውሮፕላን ተሸካሚ ተነሥተው ሦስት ታላላቅ መርከቦችን መቱ። ሙሶሊኒ «ጣሊያን ራሷ አውሮፕላን ተሸካሚ ናት» በሚለው ሐሳብ ተማምኖ አውሮፕላን ተሸካሚ አልሠራም ነበር።

በሌላ በኩል «አክሱም»ን ውሰድ። ነሐሴ 12 ቀን 1942 ምሽት፣ እንግሊዞች የተራበችውን ማልታን ሊመግቡ በታላቅ አጀብ ሲሄዱ፣ የ«አክሱም» አዛዥ ፌሪኒ አራት ቶርፔዶ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። ሦስት መርከብ መታ! «ካይሮ» ክሩዘር በዚያው ቀረች፤ «ናይጄሪያ» ክሩዘር ቆስላ ተመለሰች፤ ነዳጅ ጫኟ «ኦሃዮ» ሆዷ ተቀደደ፣ ቢሆንም እየተጎተተች ማልታ ገባች። በዚያ ጦርነት ከአንድ ሰርጓጅ የአንድ ጊዜ ተኩስ ይህን ያህል ያደረገ እምብዛም አይገኝም። እዚያው ምሽት «አላጌ» ደግሞ «ኬንያ» የተባለውን ክሩዘር መታች። እንዴት ያለ ስብስብ ነው፦ አክሱምና አላጌ፣ ካይሮን፣ ናይጄሪያንና ኬንያን ሲመቱ! አፍሪካ እርስ በእርስ የተዋጋች ይመስላል፤ አፍሪካዊ ግን አንድም በመካከሉ የለም።


ፍሬሕይወት

«መቀሌ»ስ? አባቴ የመቀሌ ሰው ስለሆነ ካልጠየቅሁ አይሆንልኝም።


ጡረተኛው መካኒክ

«መቀሌ» ለእኔ ከሁሉም የበለጠች ናት፤ ምክንያቱም የሞተችው በእኔ ሙያ ነው።

ጣሊያን ሰኔ 10 ቀን 1940 ጦርነት ስታውጅ ምጽዋ ላይ ስምንት ሰርጓጆች፣ ሰባት ዲስትሮየሮችና ሌሎች ትንንሽ መርከቦች ነበሯት። እንግሊዝ ስዊዝን ዘግታለች፤ ስለዚህ ነዳጅም መለዋወጫም አይመጣም። «መቀሌ» በዚያው ዕለት ወደ ፖርት ሱዳን አቅጣጫ ወጣች።

በሰኔ ምጽዋ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል። የባሕሩ ውኃ ራሱ ሞቃት ነው፤ ጠልቀህ አትበርድም። የተዘጋ ብረት ውስጥ 45 ሰው፣ ሞተርና ባትሪ ሲጨመርበት ያለ ማቀዝቀዣ መኖር አይቻልም። ማቀዝቀዣው ነበረ፤ ችግሩ ውስጡ ያለው ጋዝ ሜቲል ክሎራይድ መሆኑ ነው። ፍሪዮን በዚያን ጊዜ ተፈልስፎ ነበር፤ እነሱ ግን አሮጌውን ጋዝ ነው የተጠቀሙት። ሜቲል ክሎራይድ ቀለም የለውም፤ ሽታውም ደካማ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል ነው፤ አሞንያ ቢሆን ኖሮ ገና ሲሾልክ ዓይን አቃጥሎ ሰውን ያስሮጥ ነበር። የመዳብ ቱቦው መጋጠሚያ ላይ በሳሙና አረፋ ካልፈለግኸው በቀር መሹለኩን አታውቅም። መርከቡ ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ ቱቦ መጋጠሚያው መላላቱ አይቀርም። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት እነዚህን መጋጠሚያዎች ሳጠብቅ ነው።

በሰላም ጊዜ ለምን አልታወቀም? ሰርጓጅ ውኃ ላይ ሲሄድ ክዳኑ ክፍት ነው፤ የናፍጣ ሞተሮቹ አየሩን በኃይል እየሳቡ ይቀይሩታል፤ የሾለከው ጋዝም አብሮ ይወጣል። በጦርነት ጊዜ ግን ቀኑን ሙሉ ጠልቆ መዋል ግድ ነው። ያን ጊዜ ማቀዝቀዣው ያንኑ አየር መልሶ መላልሶ ያዞረዋል፤ መርዙም በየሰዓቱ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ቀጥሎ ሰውየው እንደ ሰካራም ይሆናል፤ ያለ ምክንያት ይስቃል፣ የሌለ ነገር ያያል። ከዚያ ይፈዝዛል፣ ይወድቃል። የሙቀት ሕመም ነው ብለው ብዙ ያቀዘቀዙ መስሏቸው ማቀዝቀዣውን ሲያጠነክሩት መርዙን ይጨምራሉ ማለት ነው።

የ«መቀሌ» ሰዎች በዚህ ሁኔታ አቅጣጫቸውን ሳቱ። ሰኔ 15 ቀን ገና ሳይነጋ ከፖርት ሱዳን ደቡብ ምሥራቅ ባር ሙሳ ከቢር ከምትባል የአሸዋ ደሴት ኮራል ላይ ወጡ። መርከቧ ጥቂት ቆይታ ተንሸራትታ ወደ ጥልቁ ገባች። ሰዎቹ ዛፍም ጥላም የሌለባት ደሴት ላይ ቀሩ። ሦስት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ወደ ደቡብ ተነሥተው ከቀናት በኋላ የኤርትራ ጠረፍ ደረሱና ወሬ አቀበሉ። ሰኔ 22 ቀን «ጉሊየልሞቲ» የምትባለዋ ሰርጓጅ መጥታ ወሰደቻቸው። አንድ መርከበኛ ግን ሞቶ እዚያው አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ነበር። አጽሙ በ2018 ተወስዶ ትውልድ መንደሩ ተቀበረ።

«መቀሌ» ብቻ ብትሆን አጋጣሚ እንለው ነበር። «ፔርላ»ም በዚያው ጋዝ ተመርዛ መሬት ላይ ወጥታለች፤ «አርኪሜዴ» ውስጥ ሰዎች ሞተዋል። ሠራተኞቿ በዚሁ ጋዝ የተጎዱት «ጋሊሌይ» ደግሞ ኤደን አጠገብ «ሙንስቶን» በምትባል የዓሣ ማጥመጃ በነበረች መርከብ ተማርካ እየተጎተተች ሄዳለች። ሰኔ ሳያልቅ ከስምንቱ አራቱ ጠፍተዋል። ማን ተጠየቀበት? የሞቱት መርከበኞች እንጂ ጋዙን የመረጠው መሥሪያ ቤት አይደለም።


አዝመራው (ጎንደር)

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የጠየቅሁት ስለ አንድ መርከብ ነበር! ለሽማግሌው በኢሜይል ልጽፍላቸው ነው። ከአሥራ ሰባቱ የተረፈ አለ? ምጽዋ የቀሩትስ?


ጡረተኛው መካኒክ

ምጽዋ የቀሩት አራት ሰርጓጆች በመጋቢት 1941 አፍሪካን ዞረው፣ በባሕር ላይ ከጀርመን መርከብ ነዳጅ እየተቀበሉ፣ በግንቦት ቦርዶ ፈረንሳይ ገብተዋል። እንግሊዝ ሊያጠፋቸው ይፈልግ በነበረበት ባሕር ይህን ማድረግ ቀላል አይደለም። ከዲስትሮየሮቹ «ኑሎ» ቀድሞ በጥቅምት 1940 ሐርሚል ደሴት ዘንድ ቀርቷል። የቀሩት በሚያዝያ መጀመሪያ የመጨረሻ ነዳጃቸውን ይዘው ፖርት ሱዳንን ለመምታት ወጡ፤ «ሊዮኔ» ገና መንገድ ላይ ቋጥኝ መትቶ ተሰናከለ። ሁለቱን፣ «ሳውሮ»ንና «ማኒን»ን፣ ታራንቶን የመቱት ዓይነት አውሮፕላኖች አሰመጧቸው። ሌሎቹን ሠራተኞቻቸው ዓረብ ጠረፍ ላይ ወስደው አጠፏቸው። ምጽዋ ሚያዝያ 8 ቀን ስትያዝ ወደቡ በሰመጡ መርከቦች ተዘግቶ ነበር፤ በ1942 አሜሪካዊው ኤልስበርግ መጥቶ ነው ተንሳፋፊ ዶኮቹን ማንሣት የጀመረው።

ከአሥራ ሰባቱ ደግሞ ጦርነቱን ያለፈችው «አላጌ» ብቻ ናት። እሷም ንጹሕ አይደለችም፤ ሰኔ 8 ቀን 1942 «ኡዞዲማሬ» የተባለውን የራሷን አገር ዲስትሮየር እንግሊዝ መስሏት አስጥማለች። «ተምቤን» ቱኒስ አጠገብ «ሄርሚዮኔ» በተባለ ክሩዘር ተገጭታ ቀረች። «ደሴ» በኅዳር 1942 አልጄሪያ ጠረፍ ሰመጠች። «ነጌሌ» ኤጂያን ባሕር ውስጥ ናት። «አክሱም»ን በ1943 መጨረሻ ግሪክ ጠረፍ መሬት ላይ ስለወጣች ሠራተኞቿ አፈነዷት።

ለሽማግሌው ስትጽፍላቸው አንድ ጥያቄ ጨምርልኝ፤ አጎታቸው ሞተር ክፍል ውስጥ ከነበሩ ስለ ማቀዝቀዣው ያወሩት ነገር ካለ ይንገሩን። ዳዊት ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፦ «ሽሬ» የሚለው ስም ዛሬም በጣሊያን ባሕር ኃይል ውስጥ አለ። በ2007 አገልግሎት የጀመረች ሰርጓጅ ናት፤ ቁጥሯ 527 ነው። ሐይፋ ወደብ ከመጣች ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፍልን።